እናቴን ለማምጣት የቀየርኩት ሞላ

ስናደድ ቤተሰቤ፣ ስደሰት ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ የሚሰማኝ ሰው ነኝ። ሚስቴ “አንተ ሰውዬ፣ ጉሮሮህ ውስጥ ጡሩምባ ተተክሏል” ትለኛለች። ስለዚህ ያን ዓመት ለመኪናዬ አዲስ ሞላ ላስገባ ስነሳ ኮልፌ ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ለምን እንደማስገባም ያልሰማ አልነበረም፤ እናቴን ከአገር ቤት ላመጣት ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። መጨረሻ መሆኑን ግን ያን ጊዜ ማን አውቆ! እኔ ኮልፌ ውስጥ አንዲት የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረችኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ጉራጌ አገር፣ ከወልቂጤ አልፎ ባለው መንደራችን ብቻዋን ቀረች። እህት የለኝ፣ ወንድም የለኝ። እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጣሪያው አፈሰሰባት ይሆን እያልኩ ሆዴ ይባባል። በየመስቀሉ እየሄድኩ “ነይ፣ ከእኔ ጋር ኑሪ” እላታለሁ። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ “መንገዱን አልችለውም።”

እውነት ነበራት። የመጀመሪያ ልጄ ክርስትና ጊዜ በጭነት መኪና፣ ከጆንያ ጋር ተጭና መጥታ ነበር። ስትደርስ ወገቧ አልቆ፣ ክርስትናው እሷ አልጋ ላይ እንደተኛች አለፈ። ስትመለስ “ሁለተኛ እዚያ መንገድ ላይ ብታዩኝ ሰው አትበሉኝ!” ብላ ማለች። መንገዱን ደግሞ ማንንም ልንወቅስበት አንችልም፤ አዲስ አበባ ያለን የአገሩ ልጆች እኛው አዋጥተን፣ ለፍተን ያስጠረግነው ነው። መንገድ ለመሆን መንገድ ነው። ነገር ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ይቦረቡረዋል፤ መስቀል ሲደርስ ጉድጓዱ ገና ውሃውን እንኳ አልመጠጠም።

እና እኔ እናቴን ከእኔ የለያት መንገዱ ነው ብዬ አመንኩ። መንገዱን አልለውጠውም፤ መኪናዬን ግን ማን ይከለክለኛል?

መኪናዬ ከአንድ ጣልያን አናጢ እጅ የገዛኋት አሮጌ ጂፕ ናት። ጣሪያዋ ሸራ፣ በሮቿ ሲዘጉ ጎረቤት የሚያስደነግጡ። ጭቃ አትፈራም፣ ወንዝ አትፈራም። የፊት ጎማዎቿ የተቀመጡት በሞላ ላይ ነው፤ ያ ተጠምጥሞ የቆመው፣ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ተጨምቆ ተመልሶ የሚዘረጋው ብረት። ከኋላ ደግሞ ባሌስትራ ነው፤ ተደራርቦ የታሰረው ረጃጅም ብረት። ሁለቱም ደክመው ነበር። ደግሞ ለምን አይደክሙ? መኪና ያለው የኮልፌ ጉራጌ መስቀል ሲደርስ መኪናው የራሱ አይደለም። “ይቺን ለእናቴ አድርስልኝ፣ ይቺን ለአክስቴ” እያለ ሰፈሩ በሙሉ ያመጣል። ጨው፣ ብርድ ልብስ፣ ጫማ፣ ላምባ፣ ድስት። እምቢ ማለት አይቻልም፤ እምቢ ያለ ሰው ዓመቱን ሙሉ ስሙ በክፉ ሲነሳ ይከርማል። ያለፈው ዓመት ከመጫኗ የተነሳ ሆዷ መሬት እየላሰ ነው አገር ቤት የገባነው።

ጋራዥ ያለው ጎረቤቴ፣ ለጁምዓ ስግደት ካልሆነ በቀር እጁ ከግራሶ የማይለይ ሰው፣ እንደ እኔው ጯሂ ነው። ሁለታችን ስናወራ የተጣላን መስሏቸው ሰዎች ሊገላግሉን ይመጣሉ።

“ምን ዓይነት ሞላ ነው የምትፈልገው?” አለኝ።

“ጠንካራ!”

“ጠንካራ ለምኑ?”

“ጠንካራ ነዋ! የማይጎብጥ፣ የማይተኛ። እናቴን ነው የማመጣበት አልኩህ እኮ!”

“እናትህ ስንት ኩንታል ናቸው?” ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

እኔም አብሬው ሳቅኩ። ነገሩን ጨዋታ አድርጌ ነው ያለፍኩት። እሱ ግን ሳቁን ሲጨርስ “ከባድ ጭነት ለሚሸከም መኪና የተሠራ አለኝ። ዝሆን ብትጭንበት ጎንበስ አይልም” አለኝ፤ ዝሆን የምጭን ይመስል አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በእኔ ቤት ጠንካራ ማለት ጥሩ ማለት ነበር። ጨርቁም፣ ጫማውም፣ ሰውም፤ ጠንካራ ከሆነ ምን ይወጣለታል?

ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ቆሜ ዋልኩ። በክሪክ ከፍ አደረጋት፣ ጎማውን አወለቀ፣ አሮጌውን ሞላ በብረት ማሰሪያ ጨምቆ ጨምቆ አወጣው። አዲሱን ሲጨምቅ ግን ድምፁ ተለወጠ። “ዞር በል! ዞር በል አልኩህ! ይሄ ካመለጠ ጥይት ነው!” እኔን ዞር በል የሚለኝ ሰው ብርቅ ነው፤ ዞር አልኩ። ከኋላም ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ብረት ደረበበት። ከክሪኩ ስትወርድ መኪናዬ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብላ ቆመች። ቤት ሳመጣት ሚስቴ፣ ያኔ የሴት ልጃችን አራስ ነበረች፣ በር ላይ ወጥታ አየቻትና “ይሄ መኪና ነው ወይስ ፈረስ? መሰላልም አብረህ ግዛልን” አለችኝ።

አራሷን ቤት ትቼ ብቻዬን ለመስቀል ተነሳሁ። ብቻዬን ስል መቼም የኮልፌን ዕቃ በሙሉ ይዤ ነው። እስከ ሸራው ድረስ ተጭኛለሁ። ወይ ጉድ! እነዚያን ጉድጓዶች መኪናዬ ዝም ብላ ነበር የምታልፋቸው። ፊቷን ሳትደፋ፣ ኋላዋን ሳትጥል። ከወልቂጤ ወዲያ እየዘፈንኩ ነው የሄድኩት። “አለቀ! እናቴ መጣች!” እላለሁ ለራሴ፣ እየጮህኩ።

የአገሬ ሰው ለመስቀል ሲዘጋጅ የሚያስበው መሄጃውን ብቻ ነው። ምን ይዤ ልግባ፣ ማንን ላስደስት፣ መኪናው ይችለዋል ወይ። መመለሻውን አስቦ የሚዘጋጅ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። እኔም ያው የእነሱ ልጅ ነኝ።

እናቴ መኪናዋን ስታይ መጀመሪያ ፊቷን አዞረች። እኔ ግን ለመንኳት። “ቁጭ በይና እይው ብቻ! ካልተመቸሽ ሁለተኛ አላነሳብሽም።” በመንደራችን መካከል ባለው በሰፊው ሣር ላይ ልወስዳት ስነሳ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ተንጋግቶ ከኋላ ተሳፈረ፤ ሳቅና ጫጫታ ሆነ። ሣሩን ከዳር እስከ ዳር ሄደን ተመለስን። እናቴ ወርዳ ወገቧን ያዝ ያዝ አደረገች። ከዚያ “እንዲህ ከሆነማ ያቺን አራስ ልጅህንም አያታለሁ” አለች። እኔ ያን ቀን የጠጣሁትን ጠላ እግዜር ይቁጠረው።

የምንሄድበት ቀን ጠዋት ሰው መጣ። መቼም ከመስቀል በኋላ አዲስ አበባ የማይሄድ የለም። “ቦታ አለ?” “እኔንም እስከ ወልቂጤ?” “እኔ ቅቤ ይዣለሁ፣ ጥግ ትበቃኛለች።” ሁሉንም መለስኩ። “ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ዛሬ መኪናዋ የእናቴ ናት። ሰፋ ብላ ትቀመጥ” አልኩ። ቆጮ ጠቅልለው ያመጡትን እንኳ “ሌላ ጊዜ” ብዬ አስቀረሁ። ከኋላ ፍራሽ አንጥፌ ነበር፣ ከደከማት እንድትተኛ። እናቴ ይህን ሁሉ አላየችም፤ ውስጥ ሆና ከጎረቤት ጋር እየተላቀሰች ነበር።

ከሣሩ ወጥተን የመጀመሪያው ጉድጓድ ውስጥ ስንገባ የሆነውን ምን ብዬ ልንገራችሁ? መኪናዋ ወደ ላይ ነጠረች። የእናቴ ሻሽ የጣሪያውን ሸራ ነካ። “እመብርሃን!” አለች። ቀስ አልኩ። ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ደገመችው። የበለጠ ቀስ አልኩ። ያ ስሄድ ዝም ብሎ የተሸከመኝ መንገድ አሁን በዱላ ይደበድበናል። ጠጠሩ እንኳ አንድ በአንድ ይሰማል። ፍራሹ ብቻውን ከኋላ እየዘለለ ይወድቃል። እናቴ በሁለት እጇ ወንበሩን ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች።

ብዙም ሳንርቅ “አውርደኝ” አለች።

ወርዳ ከመንገዱ ዳር ካለች ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ቱግ አልኩ። በማን ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ቱግ አልኩ።

“ሞላ ቀየርኩልሽ እኮ! ለአንቺ ብዬ!”

“እሱ ደግሞ ምንድን ነው?”

“መኪናው እንዳይነጥር የሚያደርግ ብረት!”

“እና ለምን ነጠረ?”

ጎማውን በእርግጫ መታሁት፤ እግሬን አመመኝ እንጂ መኪናዋ አልተነቃነቀችም። አጎንብሼ ከሥር አየሁ። ሞላው እንደተገጠመ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የተሰበረ የለ፣ የላላ የለ። እናቴ ደግሞ ነጠላዋን አስተካክላ “እንግዲህ ሞክረሃል ልጄ፣ እግዜር ያክብርህ። አሁን ወደ ቤቴ መልሰኝ” አለች። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልቅሶ ልቅሶ አለኝ። ሱቅ ያለኝ፣ የልጆች አባት የሆንኩ ሰው፣ እንደ ሕፃን ልንፈራፈር ምንም አልቀረኝም። እናቴን አጣኋት ብዬ ነው። ዘንድሮ ካልመጣች መቼም እንደማትመጣ አውቀዋለሁ።

እንዲህ ተቀምጠን ሳለን ጠዋት የመለስኳቸው ሰዎች በእግራቸው ደረሱብን። የጭነት መኪና ከሚገኝበት ዋናው መንገድ ድረስ ሊሄዱ ነው። ፊት ፊት በጉን የሚጎትት አንድ ሽማግሌ፣ ቀጥላ ቅቤዋን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ የተሸከመች ሴት፣ ከኋላቸው ደግሞ ደህና ደህና ጎረምሶችና ሴቶች። ሽማግሌው “ምነው፣ ተበላሸ?” አሉ። በአነጋገራቸው ውስጥ ትንሽ ደስታ ነገር ሰማሁ፤ አልፈርድባቸውም።

እናቴ እነሱን አየች፣ መኪናዋን አየች፣ እኔን አየች። ፊቷ ጠቆረ።

“አንተ! እነዚህን ሰዎች በእግራቸው ትተህ ነው ባዶ መኪና የምትነዳው?”

“ላንቺ እኮ ነው! ሰፋ ብለሽ እንድትቀመጪ!”

“ሰፋ ብዬ? ሰው ምን ይለኛል? ልጇ መኪና ገዛ፣ እሷም ጎረቤቷን ረሳች ይበሉኝ? ከመለስከኝም መጀመሪያ እነሱን ዋናው መንገድ ድረስ አድርሰሃቸው ነው። ግቡ! ግቡ እናንተ!”

ማን ይከራከራታል። ገቡ። በጉም ገባ። ፍራሼ ላይ ስንት ጭቃ እግር ወጣበት። ቅቤ ሻጯ ከእናቴ ጎን ተጨናንቃ ተቀመጠች፤ ሽማግሌው ከኋላ በጉን አቅፈው “ይመችህ” አሉኝ። ጥርሴን ነክሼ ሞተሩን አስነሳሁ።

ጉድጓዱ መጣ። እናቴ እንደገና ዓይኗን ጨፈነች። መኪናዋ ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች፣ አለፈች። ሌላው መጣ። ያው። እንደመጣሁበት ቀን ዝም ብላ ሄደች። እናቴ ዓይኗን ገለጠች። መኪናዋን አቁሜ ወርጄ ከሥር አየሁ፤ ያ ግትር ሞላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨምቆ ቁጭ ብሏል። ለካ ያ ጎረቤቴ “ስንት ኩንታል ናቸው?” ያለኝ ሲቀልድ ብቻ አልነበረም! ጫን ካላሉት አይላላም። ብቻዬን በመንገድ ላይ ሳቄ መጣ። ሽማግሌው ከላይ “ምን አገኘህ?” አሉኝ። “እናንተን” አልኳቸው። ያበድኩ መስሏቸው መሆን አለበት።

ሞላው ሰው ካልጫነው እንደሚነጥር ስነግራት እናቴ ነገሩ ገባት፤ እንዴት ያለች ሴት እንደሆነች ያኔ ነው ያየሁት። ዋናው መንገድ ደርሰን “እዚህ እንውረድ” ሲሉ “የት ትወርዳላችሁ? ቁጭ በሉ፣ አዲስ አበባ ድረስ ነው!” አለች፤ እሷን ወደ ቤቷ መመለሱን አንድም ሰው አላነሳውም፣ እኔም እንዳልሰማ ሆንኩ። ወልቂጤ ላይ ጎረምሶቹ የግድ ሲወርዱ ጎማው ከጠጠሩ ጋር መጣላት ጀመረ። ወዲያው አንገቷን በመስኮት አውጥታ መንገደኛ መጥራት ጀመረች። “ነይ! አንቺ እንስራ የያዝሽ፣ ቦታ አለ! ከነእንስራሽ ነይ!” የትኛውም የአውቶቡስ ረዳት እንደሷ አይጠራም። የገባውን ሁሉ ከየት ነህ፣ የማን ልጅ ነህ እያለች ትጠይቃለች፤ ግማሹ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። አለም ገና ስንደርስ ያ ሁሉ ሰው ዘፈን እየተቀባበለ ነበር። የዘፈኑ አውጪ እናቴ!

ዘነበወርቅ ላይ ሽማግሌው ሴት ልጃቸው ቤት ሊገቡ ከነበጋቸው ወረዱ፤ ሌላው ሰው ቀድሞ ወርዶ ነበር። ከዚያ እስከ ኮልፌ ሁለታችን ብቻ ቀረን። በዝግታ ነዳሁ፤ ውሻ ቀድሞን ያልፍ ነበር። እሷ ግን የወገቧን ነገር አላነሳችም፤ ግራና ቀኝ ቤቱን ታያለች።

ኮልፌ ገባች! በሰፈሩ ሁሉ ጮህኩ። ሚስቴ እልል አለች፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ እናቴ አራስ ልጄን ታቅፋ ምራቋን እንትፍ እንትፍ አለችባት፣ መረቀቻት። ጋራዥ ያለው ጎረቤቴም መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ “እማማ፣ እንዴት ነበር ሞላው? ተመቸዎት?” አላት።

“ደህና ነው” አለችው። “ሰው ይወዳል።”

እሱ ለብዙ ጊዜ ለየደንበኛው ይህን ሲናገር ኖረ።

ያ ሰሞን እንደ እኔ ደስተኛ ሰው ኮልፌ ውስጥ አልነበረም። ክፍሏን ሚስቴ አሳምራላታለች። ጠዋት ሱቅ ስሄድ ትመርቀኛለች፣ ማታ ስገባ ልጄን ታቅፋ አገኛታለሁ። አለቀ፣ መጣች፣ ቀረች ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ሱቁ ደግሞ የዘመን መለወጫና የመስቀል ግርግር አልፎ የሠርግ ወቅት ሊመጣ ነው፤ ጨርቅ ማዘዝ፣ ዕቁብ መሰብሰቢያ መሄድ፣ ዕድር። እናቴ ቤቴ ውስጥ ናት፤ እንግዲህ ምን ያሳስበኛል?

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዕቃዋን ጠቅልላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

“ውሰደኝ” አለች።

ክው አልኩ። “ማን ምን አለሽ? ማን ነው ያስከፋሽ?” ብዬ ወደ ሚስቴ ዞርኩ።

“ተው እባክህ! እሷ ለእኔ ልጄ ናት” አለች እናቴ። “ማንም ምንም አላለኝም። እዚያ እንሰቴ አለ፤ ቤቴ አለ፤ አባትህ ያረፈው እዚያ ነው። ጠዋት በሬን ስከፍት የሚጠራኝ ሰው አለ። ልጅህን አየሁ፣ ቤትህን አየሁ። ደስ ብሎኛል።”

“ኧረ እናቴ! ሁልጊዜ መንገዱ ነው ስትይኝ አልነበር? ይኸው መንገዱን ቻልሽው! እየዘፈንሽ አይደል እንዴ የመጣሽው?”

“ቻልኩት” አለች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ቁጣ የለባትም። “መንገዱ ለካ ምንም አይል። ታዲያ ልጄ፣ አንተን ምን ይዞህ ነው በዓመት አንዴ ብቻ ብቅ የምትለው?”

ሱቁ ልል አፌን ከፈትኩ። ዕቁቡ ልል። አራሷ፣ ክረምቱ፣ ደንበኛው። አንዱም ከዚያ ጡሩምባ ከተባለው ጉሮሮዬ አልወጣም። ሚስቴ አንገቷን አቀርቅራ ሕፃኗን ታጠባለች። ስንት ዓመት ሙሉ እናቴ አልመጣ አለችኝ እያልኩ ለሰው ሳማርር፣ እዚያ ማዶ እሷም መንገድ ዳር ቆማ እኔን ስትጠብቅ እንደኖረች አንድ ቀን ወደ ልቤ ገብቶ አያውቅም። እግሯ ሥር ቁጭ አልኩ። ፀጉሬን ዳበሰችኝ፤ “አይዞህ፣ ለቁጣ አይደለም” አለችኝ።

በማግስቱ ልንሄድ ተነሳን። እሷን ከፊት ወንበር ካስቀመጥኩ በኋላ በሩን ልዘጋ ስል እጇን በሩ ላይ አደረገች።

“መቼ ነው የምትመጣው?”

“ለመስ…” አልኩ፣ በልማድ። ዋጥኩት። “ለገና” አልኳት። “ለገና ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ።”

ገና ቅርብ ነው፤ ደስ ይላታል ብዬ ፊቷን አየሁ። ፈገግ ብላ ነበር። እጇን ግን ከበሩ ላይ አላነሳችም።

“ከገና በኋላስ?” አለችኝ።